የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ፊልሙ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ዴኩ ላይ ግን እምቢ አለ

ጥያቄ፦ በስልኬ የቀረጽኩትን የምርቃት ቪዲዮ ለእናቴ በፍላሽ ወሰድኩላት። ዴኳ (የዲቪዲ ማጫወቻዋ) የፍላሽ መሰኪያ አለው፤ ፋይሉን ግን አያሳይም። የፋይሉን ስም መጨረሻ ከኤምፒ4 ወደ ኤቪአይ ስለውጠው ስሙ ታየ፣ ሊከፈት ግን አልቻለም።

መልስ፦ ጤፍ በያዘ ጆንያ ላይ «ስንዴ» ብለው ጻፉበት እንጂ እህሉ አልተለወጠም። ስልክዎ ምስሉን የጨመቀው ኤች.264 ወይም ኤች.265 በሚባል የመጭመቂያ ዘዴ ነው፤ የድሮ ዴክ ይህን አይፈታም። ቺፑ የሚፈታው የዲቪዲውን የመጭመቂያ ዘዴ፣ ኤምፔግ-2ን ነው፤ ፊቱ ላይ «ዲቭኤክስ» የሚል ምልክት ካለበት ደግሞ ዲቭኤክስንና ኤክስቪድን የተባሉትን ሌሎች ዘዴዎች ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ያንን ምልክት ይፈልጉ።

ምልክቱ ካለ ሥራው ቀላል ነው። አቪዲመክስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ምስሉን ወደ ኤክስቪድ፣ ድምፁን ወደ ኤምፒ3 ይለውጡና ኤቪአይ አድርገው ያስቀምጡ። ሃንድብሬክን ብዙ ሰው ይመክራል፤ ለዚህ ግን አይሆንም፣ ኤቪአይ አያወጣም። ለሰፊ ምስል 720 በ400፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) እና 1,500 ኪሎቢት ይበቃል። ድምፁ 128 ኪሎቢት፣ 48,000 ኸርዝ ይሁን። «ኪውፔል» እና «ጂኤምሲ» የሚሉትን ምርጫዎች ያጥፏቸው፤ አሮጌ ቺፕ አይችላቸውም፣ ምስሉ ይሰባበራል። የስልክ ቀረጻ የፍሬም ብዛቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቋሚ ካልተደረገ ድምፁ እየቆየ ከአፍ ይለያል። ፍላሹም ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት ይደረግ። ኤክስፋት የሚባለውን ሌላ አደረጃጀት እነዚህ ዴኮች አያነቡም።

ጥያቄ፦ የእኔ ዴክ ዲስክ ብቻ ነው የሚያጫውተው። የሦስት ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ በአንድ ዲቪዲ ይገባል?

መልስ፦ ይገባል፤ ጥራቱ ግን ዋጋ ይከፍላል። ሒሳቡን እንሥራው። ባለ 4.7 ጊጋባይት ዲስክ (ኮምፒውተሩ 4.37 ብሎ ነው የሚያሳየው) 37.6 ቢሊዮን ቢት ይይዛል። ለ10,800 ሴኮንድ ሲካፈል በሴኮንድ 3,480 ኪሎቢት ገደማ ይደርሳል። ለድምፅ 192፣ ለመጠባበቂያም ትንሽ ሲቀነስ ለምስሉ 3,100 ይቀራል። ተቀምጠው ለሚያወሩ ሰዎች ይበቃል፤ እስክስታው ሲጀመር ግን ትከሻው ሁሉ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይሆናል። ሠርጉን በአንድ ዲስክ፣ የመልሱን ድግስ በሌላ ቢያደርጉት በየዲስኩ 6,500 ያገኛሉ። የእኛ ምክር ይኸው ነው።

ኤምፒ4ቱን ዲስኩ ላይ እንዲሁ መገልበጥ ዋጋ የለውም። ዴኩ የሚፈልገው «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚል ፎልደርና በውስጡ ቪኦቢ የሚባሉ የዲቪዲ ቪዲዮ ፋይሎችን ነው። ነፃው ዲቪዲስታይለር ይህን ይሠራል፦ «ፓል» የሚባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ 720 በ576ን ይምረጡ፣ ድምፁን ኤሲ3 በሚባለው የድምፅ ዓይነት ያድርጉ። ዲስኩ ላይ ሲጽፉ (ሲያቃጥሉ) አንዴ ብቻ የሚጻፍበትን ዲቪዲ-አር ይጠቀሙ፤ በ4 ወይም በ8 እጥፍ ፍጥነት ይሁን። ደጋግሞ የሚጻፍበት ዲስክ ብርሃን የሚመልሰው በጥቂቱ ስለሆነ የደከመ ሌዘር ይቸገራል። ፋይናላይዝ ያልተደረገ (ጽሑፉ ያልተዘጋ) ዲስክ ደግሞ ካቃጠለው ኮምፒውተር ውጭ ላይከፈት ይችላል።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ዘመድ የላከልን የቤት ቪዲዮ ዲቪዲ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ታየን። የሪጅን ኮድ ችግር ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሪጅን፣ ማለትም ዲስኩ ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደተሠራ የሚያሳይ ቁጥር (አሜሪካ 1፣ ኢትዮጵያ 5)፣ የሚያግደው ተሠርቶ የሚሸጥ ፊልምን ነው፣ ያውም ጭራሽ አያጫውትም። የእርስዎ ዲስክ በኤንቲኤስሲ፣ በአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ የተሠራ ነው፤ የድሮ ቴሌቪዥንዎ ቀለሙን መፍታት አቃተው። በዴኩ ሴትአፕ ውስጥ «ቲቪ ታይፕ»ን ከ«መልቲ» ወይም ከ«አውቶ» ወደ «ፓል» ይለውጡ።

ጥያቄ፦ የአማርኛው የትርጉም ጽሑፍ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይመጣል።

መልስ፦ ዴኩ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም፤ ሊጫንበትም አይችልም። ጽሑፉን ፋይሉን ሲለውጡ ምስሉ ላይ ያትሙት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ኒያላ በሚባሉት የፊደል ቅርጾች ቢሆን ጥሩ ነው። ለላቲን ከሚመርጡት መጠን ከፍ ያድርጉት፤ ምስሉ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠፋው የ«ሉ» እና የ«ሊ» ቅጥያ ነው፣ ሁለቱም «ለ» መስለው ይቀራሉ። ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ ከታችም 50 ፒክስል ያህል ባዶ ይተዉ፣ የድሮው ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ጠርዙን ይቆርጣልና።