የሮዛሊያ ወረቀት
(በኦክላንድ፣ በአማርኛ ተማሪዎች ወላጆች ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ልጆቹ መዝሙራቸውን ጨርሰዋል፤ ቡናውም እየፈላ ነው። እስኪደርስ ስለ አንድ ባልና ሚስት ላውጋችሁ። የኛ አገር ሰዎች አይደሉም፣ ጣልያኖች ናቸው። የኖሩት ግን እዚሁ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ሳን ፍራንሲስኮ ነው። ታክሲ ስነዳ ሰፈራቸው ኖርዝ ቢች ስንት ሰው አውርጃለሁ መሰላችሁ! ታሪካቸውን የሰማሁት ግን በኋላ ነው። ዓመተ ምሕረቱን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ባልየው ጁሴፔ ዲማጂዮ ይባላል። ሚስቱ ሮዛሊያ። አገራቸው ሲሲሊ ነው፤ ፓሌርሞ አጠገብ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ። ኢዞላ ዴሌ ፌሚኔ ትባላለች፣ «የሴቶች ደሴት» ማለት ነው። የጁሴፔ ዘር ማንዘር ዓሣ አጥማጅ ነው። የሮዛሊያ አባት ቀደም ብሎ ካሊፎርኒያ ገብቶ ነበርና፣ ባልሽ እዚህ ቢመጣ የተሻለ ይኖራል ብሎ ጻፈላት። እኛ በስልክ የምንባባለውን እሱ በደብዳቤ አለው። ጁሴፔ በ1898 ብቻውን ተነሣ። ሮዛሊያን ነፍሰ ጡር ትቷት ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የስደት ወሬ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለሄደው ሰው ነው። ጁሴፔ ሚስቱን ለማስመጣት አራት ዓመት ሠርቶ ገንዘብ አጠራቀመ። እውነት ነው፣ ለፍቷል። ግን በነዚያ አራት ዓመታት ሮዛሊያ ወለደች። ሴት ልጅ። ልጅቷ ዳዴ ብላ፣ ቆማ ሄዳ፣ አፏን ፈታ፣ አባቷን ገና አላየችውም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን የኖራችሁ እህቶች አላችሁ። ፕሮሰሱ እስኪያልቅ ድረስ ስልኩን ለልጅ አስጠግታችሁ «ይኸው፣ አባዬ ነው» እያላችሁ ያሳደጋችሁ። ሮዛሊያ ያን እንኳ አላገኘችም። ስለዚህ ያን ቤት ጁሴፔ ብቻውን ሠራው የሚለኝ ካለ አልቀበለውም።

እዚህ ከተገናኙ በኋላ ቤቱ ሞላ። በድምሩ ዘጠኝ ልጆች፤ አምስት ወንድ፣ አራት ሴት። ስምንተኛው ጆ ነው። በ1914 ማርቲኔዝ ተወለደ፤ ከኦክላንድ ብዙ አይርቅም። አንድ ዓመት ሲሆነው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ገቡ። ጁሴፔ አምስቱም ወንዶች ጀልባዋ ላይ እንዲወጡለት ነበር ምኞቱ። ጆ ግን የሞተ ዓሣ ሽታ ሆዱን ይገለብጠው ነበር። ጀልባ ማጠብ ሲባል ይጠፋል። አባትየው «ሰነፍ፣ የማትረባ» ይለው ነበር። አልፈርድበትም። የሚያውቀው እንጀራ ዓሣ ነው። በማያውቀው ነገር እንዴት ልጁን ይመን?

ያ ሽታ ያባረረው ልጅ ቤዝቦል ያዘ። ከወንድሞቹ ሁለቱም እንደሱ እስከ ትልቁ ሊግ ደረሱ፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ዓሣ አጥማጅ ሆኑ። ጆ በ1936 ለኒው ዮርክ ያንኪስ መጫወት ጀመረ። በ1941 ደግሞ በተከታታይ 56 ጨዋታ፣ አንድም ሳያሳልፍ፣ ኳሷን መትቶ ቤዝ ያዘ። ይኸው እስከ ዛሬ ያንን የደገመ የለም። አገር ምድሩ ስሙን ይጠራ ነበር።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ገባች። ጣልያን ጠላት አገር ሆነች። የአሜሪካ ዜግነት ያልወሰደ ጣልያናዊ ሁሉ «የጠላት አገር ዜጋ» ተብሎ እንዲመዘገብ ታዘዘ፤ ወደ 600,000 ሰው ነው። ጁሴፔና ሮዛሊያም እዚያ ውስጥ ነበሩበት። አርባ ዓመት ገደማ ኖረው ዜግነት አልወሰዱም። በ1906 የወጣው ሕግ እንግሊዝኛ መናገርን ይጠይቃል። እነሱ ቤት የሚነገረው ደግሞ ሲሲልኛ ነው። ዘጠኝ ልጅ የምታበላ እናት በምን ሰዓት ክፍል ገብታ ትማር?

እስቲ አስቡት። ልጃቸው በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። እነሱ ፎቶ ያለበት ደብተር ሳይዙ ከቤት አይወጡም። ከቤታቸው አምስት ማይል ለማለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። የጁሴፔ ጀልባ ተወሰደች። ስንት ዓመት ያጠመደበት ባሕር ተከለከለ። በየካቲት 1942 የምክር ቤት ኮሚቴ ሳን ፍራንሲስኮ ተቀምጦ «የጠላት አገር ዜጎች» ከቤታቸው ይነሡ አይነሡ የሚለውን ሲሰማ፣ አንድ ጠበቃ ቀርቦ ጁሴፔንና ሮዛሊያን ማስነሣት እንዴት ይሆናል ብሎ ተከራክሯል።

ክልከላው የተነሣው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። በየካቲት 1943 ጆ ራሱ ወታደር ሆነ። ሮዛሊያ በ1944፣ ጁሴፔ በ1945 ዜግነት አገኙ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልኖሩም፤ እሱ በ1949፣ እሷ በ1951 አረፉ። በጣልያኖቹ ላይ የደረሰው በደል በሕግ የታመነው በ2000 ነው። ጆ ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1999 ሞቶ ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። እዚህ 21 ዓመት ኖራለች። ልጆቼን ያሳደገቻቸው እሷ ናት፤ እኔና ባለቤቴ በፈረቃ ስንሠራ ቤቱ የቆመው በእሷ ነው። ግሪን ካርዷን በመሐረብ ቋጥራ ትራስ ሥር ታስቀምጣለች። ባለፈው ዓመት የአዲስ አበባ ትኬት ልቆርጥላት ካርዱን ፈትቼ ሳየው፣ ጊዜው ካለፈ ሰባት ወር ሆኖታል። የራሴን ዜግነት ወስጃለሁ፣ የልጆቼን ፓስፖርት አውጥቻለሁ። የእሷን ወረቀት ግን አንድ ቀን እንኳ ፈትቼ አላየሁም። በጣም አፈርኩ።

ስጠይቃት «እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ!» አለችኝ። ሮዛሊያ ይህን ብትል እውነቷን ነበር። ለእናቴ ግን ሕጉ ተለውጧል። ዕድሜው 50 ያለፈና በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 ያለፈና 15 ዓመት የኖረ ሰው የእንግሊዝኛ ፈተና የለበትም። የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄ በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ ይመልሳል። 65 ያለፈና 20 ዓመት የኖረ ደግሞ የሚያጠናው የጥያቄ ዝርዝር አጭር ነው። በሕመም ምክንያት መማር ለማይችል ሰውም ሐኪም የሚሞላው ፎርም አለ። ይህን ቤታችሁ ላሉት እናትና አባት ዛሬ ማታ ንገሯቸው። «ለሽማግሌ ወረቀት ምን ያደርጋል» አትበሉ። ጁሴፔንም ጀልባው እስክትወሰድ ድረስ ወረቀት ማጣቱ ምንም አላደረገውም ነበር።

አሁን ቤታችን ማታ ማታ ጥናት አለ። የምታስጠናት ትንሿ ልጄ ናት፤ ቅድም ከፊት ቆማ የዘመረችው። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ልጅቷ ትጠይቃታለች። «እማማ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማን ነበር?» ቢላውን ታስቀምጥና «ጆርጅ ዋሽንግተን» ትላለች፣ ቀና ብላ። የዜግነት ፈተና ቀጠሮዋ የፊታችን ወር ነው።

የዜግነት ማመልከቻው ፎርም እዚያ ከቡናው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሞልተው የሚያግዙ ሁለት ልጆች አሉ፤ እስክሪብቶም አለ። የእናታችሁን ግሪን ካርድ ካልያዛችሁ ደውላችሁ ጀርባውንም ፊቱንም ፎቶ አስነሡት። እናቴም እዚያው ተቀምጣለች፤ ጥያቄዎቹን መስማት የሚፈልግ ይጠይቃት።

አመሰግናለሁ።