ቀለበቱ አልወጣም አለ (የላብና የጨው ወሬ ከሐዋሳ)

ናቲ፦ እሺ ቤቲ፣ የእሁዱን አንቺው ንገሪያቸው፣ እኔ ሳወራው ያጋነንኩ ይመስላቸዋል።

ቤቲ፦ ታጋንናለህ እኮ! በቃ ከፍቅር ሐይቅ ተነስተን ዳር ዳሩን ሮጠን ታቦር ተራራን ወጥተን ወረድን አይደል፣ እኔ ሙቀቱን ፈርቼ ባለ ሁለት ሊትሩን ውሃ ጨርሼ ሌላ ደገምኩ፣ ቤት ስገባ ጣቶቼ አብጠው ቀለበቴ አልወጣም አለ፣ ራሴን ይወቅረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ እማዬ ደግሞ "ውሃ ጠምቶሽ ነው፣ ጠጪ" ትለኛለች።

ናቲ፦ (ሳቅ) በላዩ ላይ!

ቤቲ፦ እንዴ፣ ውሃ ጥሩ ነው ስትሉን አልነበር?

ናቲ፦ ያ ጥቁር ቲሸርትሽ ጀርባው ላይ ነጭ ካርታ ወጥቶበት አልነበር? ጨው ነው። ከላብ ጋር በብዛት የሚወጣው ሶዲየም ነው፣ ጨው ውስጥ ያለው ማዕድን፣ ፖታሲየም ምናምኑ ትንሽ ነው። ጨዉ እየወጣ አንቺ ውሃ ብቻ ስትሞዪበት ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፣ በሊትር ከ135 ሚሊሞል በታች ሲወርድ ሃይፖናትሬሚያ ይሉታል፣ ሲብስ አንጎል ያብጣል። ያንቺን ሳትመረመሪ እሱ ነው አልልም። ግን በፈረንጆቹ 2002 ቦስተን ማራቶን ላይ ደማቸው ከታየው 488 ሯጮች 13 በመቶው ላይ ተገኝቷል፣ በተለይ ክብደት ጨምረው የጨረሱት ላይ።

ቤቲ፦ ሮጦ ክብደት መጨመር?

ናቲ፦ ካላባቸው በላይ ጠጥተው ነዋ!

ቤቲ፦ ታዲያ ስንት ልጠጣ?

ናቲ፦ አንዱን በሰዓት ግማሽ ሊትር ያልበዋል፣ ሌላውን 2 ሊትር፣ ስለዚህ ሲጠማሽ ጠጪ። ልክሽን ማወቅ ከፈለግሽ ከሩጫ በፊትና በኋላ ልብስሽን አውልቀሽ ተመዘኚ፣ 1 ኪሎ ከቀነስሽ 1 ሊትር ገደማ ጎድሎሻል።

ቤቲ፦ ሐይቁ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ፊት ነው የማወልቀው?

ናቲ፦ (ሳቅ) ቤትሽ ግቢ! ደግሞ ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ ውሃ ይበቃል፣ ረዘም ካለ ግን ጨው ያለው ነገር ጨምሪበት። ለተቅማጥ የሚሰጠውን ኦአርኤስ ታውቂው የለ? ስኳሩ አንጀት ውስጥ ሶዲየሙን ይዞት ይገባል፣ ውሃው ይከተላል። ቤት ውስጥም ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የማንኪያው አፍ ተስተካክሎ፣ እንዳትቆልዪው።

ቤቲ፦ እኔ አሞራ ገደል ወርጄ ትኩስ የአሳ ሾርባ ብጠጣ ይሻለኛል።

ናቲ፦ ከሩጫ በኋላ እሱም ይሰራል፣ ጨውም ውሃም ነው። ደም ግፊት ያለበት ብቻ ሐኪሙን ይጠይቅ። ቀለበቱስ?

ቤቲ፦ ማታ አምስቴ ሽንት ቤት ከተመላለስኩ በኋላ ወጣ፣ በሳሙና።