ማክሮፌጅ ሲውጥ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ ከጎንደር ነኝ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ጉዳይ ነው፤ ነጭ የደም ሴል ባዕድ ነገር ሲውጥ ምን እንደሚያደርግ።

ሰው ሲታመም «ኢሚውኒቲው ወርዶ ነው» እንላለን አይደል? በጣሳ የሚሰፈር ነገር ይመስል። እኔ ግን እያነበብኩ ስሄድ የገባኝ፣ መከላከል በአብዛኛው እንቅስቃሴ መሆኑ ነው።

ማክሮፌጅ የሚባል ነጭ የደም ሴል አለ፤ ሥራው መዋጥ ነው። አፍ ግን የለውም። ያለው ከቅባት የተሠራ ስስ ሽፋን ነው፣ ውፍረቱ 10 ናኖሜትር እንኳ አይሞላም። ሽፋኑ ብቻውን የትም አይደርስም። ከሥሩ አክቲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ቅንጣቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ እየተቀጠሉ ክር ይሆናሉ፣ ክሩ ሲረዝም ሽፋኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ድንኳን አስቡ፣ ጨርቁን የሚያቆመው ምሰሶው ነው። እዚህ ግን ምሰሶው በሴኮንዶች ውስጥ ይተከላል፣ ወዲያው ይነቀላል።

እኔን የሚደንቀኝ መነቀሉ ነው። ባክቴሪያ ሲነካው፣ ፒአይፒ2 የሚባል ቅባት በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ እዚያችው ቦታ ይበዛል፣ አክቲኑ ይሰበሰባል፣ ሽፋኑም ባክቴሪያውን ዙሪያውን እያቀፈ ይወጣል። ከዚያ ቅባቱ ይለወጥና ከሥር ያለው አክቲን ይበተናል። ካልተበተነ ትልቅ ነገር አይዋጥም፣ መንገዱ ዝግ ነው። አዛዡ ማን ነው ብትሉኝ፣ ሽፋኑ ክሩን ያዛል፣ ክሩም ሽፋኑን ይቀርጻል፤ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም።

ዋስፕ የሚባል አክቲንን የሚያስጀምር ፕሮቲን አለ፤ ጂኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ይህ ጂን የተበላሸባቸው ልጆች፣ አብዛኞቹ ወንዶች፣ ነጭ የደም ሴል አላቸው። ሴሉ ግን እንደልቡ አይንቀሳቀስም፣ ኢንፌክሽን ይመላለስባቸዋል።

አሁን ወደኛ አገር ልምጣ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። ዋልካው በተሰነጠቀበት፣ ግራር ሥር ያድራሉ፤ የአሸዋ ዝንብ ትነክሳቸዋለች፣ ካላ አዛር የሚባል በሽታ ይይዛቸዋል። ተህዋሲው፣ ሊሽማንያ፣ ማክሮፌጁን በስቶ አይገባም። ማክሮፌጁ ራሱ አክቲኑን አሰባስቦ ይውጠዋል! ሌላው ጀርም በሚፈጭበት አሲዳማ ከረጢት ውስጥ ተቀምጦ ይራባል።

ከጣፊያ የተወሰደ ናሙና ጊምሳ የሚባል ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ አንዱ ማክሮፌጅ በሞላላ ነጥቦች፣ በሊሽማንያዎች፣ ጢም ብሏል። እያንዳንዷ ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ናት። ውስጧ አንድ ክብ ኒውክለስ አለ፣ ከጎኑ ደግሞ ኪኔቶፕላስት የምትባል አጭር ጭረት። የላብ ባለሙያ ሁለቱንም ለይቶ ማየት አለበት።

ለዚህ ነው «ልጁ ጎረምሳ ነው፣ ይቋቋመዋል» ሲባል የሚያመኝ። ረሃብና ኤችአይቪ ያባብሱታል፣ ግን ጉልበት ብቻውን አያድንም። በሽታው ካልታከመ ከ95 በመቶ በላይ ይገድላል። መድኃኒት ደግሞ አለ፣ ለ17 ቀን የሚሰጥ መርፌ። ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከሳ ካለና ግራ ጎኑ ካበጠ፣ ወባ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ሐኪም ቤት ውሰዱትና የት እንደሰነበተም ለሐኪሙ ንገሩ።