ቀኙ ሲሶ

ክቡራን አባቶች፣ ሰዓልያን፣ ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ኤግዚቢሽኑን እንድከፍት ስትጠሩኝ «አንድ ሥዕል ፍታልን» ብላችሁኛል። ከኋላዬ የተሰቀለው ቅጂ የጀርመናዊው ፍራንዝ ማርክ «የእንስሳት ዕጣ» ነው፤ በፈረንጆች 1913 የተሣለ። ደኑ እየፈረሰ ነው። ግንዶች በሰያፍ ይወድቃሉ፤ መካከል ላይ ሰማያዊ አጋዘን አንገቷን ወደ ላይ ቀልብሳለች፤ በግራ ከርከሮዎችና አረንጓዴ ፈረሶች አሉ። ብዙ ሰው «የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ቀድሞ አየ» ይላል። ሰዓሊው ራሱም ከግንባር ለሚስቱ እንዲያ ጽፎላታል፤ በ1916 ፈረንሳይ ውስጥ ቬርደን ላይ በዚያው ጦርነት ሞተ። ይሁን። እኔ የመጣሁት ለቀኙ ሲሶ ነው።

ማርክ በሞተበት ዓመት ሥዕሉ ያለበት መጋዘን ተቃጠለና ይኸው ቀኝ በኩል ተበላሸ። ወዳጁ ሰዓሊው ፓውል ክሌ በ1919 ቅርጹን መለሰለት፤ ቀለሙን ግን ቡናማ አድርጎ ተወው። ዛሬ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ሙዚየም ሄዶ ፊቱ የቆመ ሰው እሳቱ እስከ የት እንደደረሰ በዓይኑ ያያል።

እሳት ለጎንደር ሰው አይነገርም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ አድባራቱን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ እንዳተረፋት ከአያቶቻችን ሰምተናል። ከደርቡሽ የተረፈውን ታዲያ እኛው በቆርቆሮ ቀለም እንጨርሰው?

ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ደብር አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ገብቷችኋል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ነበረበት። አንበሶቹ ፊታቸው የሰው ነው፤ ሰዓሊው አንበሳ አይቶ አያውቅማ! ዳር ላይ ያለው ነብር ነጠብጣቡ ወገቡ ላይ ያበቃል፤ ቀለም አልቆበት ይሁን ደክሞት፣ እግዜር ይወቅ። ልጅ ሳለን ቅዳሴው ሲረዝም የነብሩን ነጠብጣብ እንቆጥር ነበር። አሁን ብትሄዱ ሁሉም በዘይት ቀለም ያብለጨልጫል። ነብሩ እስከ ጭራው ተዥጎርጉሯል፤ አንበሶቹ የቀን መቁጠሪያ ላይ እንዳሉት ጥርስ አውጥተዋል። «ማን ፈቀደ?» ብል «ስእለት ነው፤ አያምርም ወይ?» አሉኝ።

አያምርም! ስእለት ያለበት ጃንጥላ ያስገባ፣ መጋረጃ ያስገባ። የሞተን ሰው እጅ መሰረዝ ስእለት አይደለም።

ስለ ቀለም አቀማመም ያዘጋጀሁትን ትቼዋለሁ፤ መሽቷል። ተማሪዎች፣ ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ የጨመራችሁት ይታይ። የአድባራት አለቆችም፣ ቀጣዩ መሰላል ሳይቆም ሰዓሊውን ጠይቁልን፦ የትኛው ያንተ፣ የትኛው የቀደመው እንደሆነ በምን እንለያለን? መልስ ከሌለው ቀለሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ።

በሩ ክፍት ነው፤ ግቡ።