ከበሮው ቤተ መቅደስ ይገባል፣ ሠሪውስ? የጃፓን ቡራኩሚኖች

ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ጃፓን ነን። ሱሺ የለም፣ አኒሜ የለም፣ ይቅርታ። ዛሬ ከበሮ ነው፤ ከከበሮው ጀርባ ደግሞ በአያቶቻቸው ሙያና በሰፈራቸው የሚገለሉት ጃፓናውያን፣ ቡራኩሚኖች።

ያን ትልቁን የጃፓን ከበሮ፣ ታይኮን፣ አይታችሁታል አይደል? ሰውየው ግንባሩን በጨርቅ አስሮ፣ ሁለት ዱላ ይዞ፣ ድም! ድም! ድም! ቤተ መቅደስ አለ። በዓል ላይ አለ። የቱሪስት ማስታወቂያ ላይ አለ። እሺ፣ ቆዳውን ማን አለፋው? የከብት ቆዳ እኮ ነው። አንድ ሰው አርዷል፣ አንድ ሰው ገፏል፣ አንድ ሰው ወጥሯል። ኦሳካ ውስጥ ናኒዋ የሚባል አካባቢ አለ፤ በዚህ ሙያ የታወቀው የድሮው ዋታናቤ መንደር እዚያ ነበር። ከበሮው ከዚያ ወጥቶ ቤተ መቅደስ ይገባል። የሠሪው ልጅ ለትዳር ሲታሰብ ግን "ሰፈራችሁ የት ነው?" ይባላል።

እዚህች ጋ ትንሽ ልቆይ። የእኛም ከበሮ በቆዳ ነው የሚለጎመው። ቆዳ የሚያለፋውን ሰው ምን ስንለው ኖርን? "ፋቂ።" ብረት የሚቀጠቅጠውንስ? "ጠይብ"፣ ሲብስም "ቡዳ።" ገበሬው በማረሻው ያርሳል፣ ማረሻውን የሠራለትን ሰው ዓይን ግን ይፈራል! አፄ ምኒልክ እኮ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ስለዚህ "አይ ጃፓኖች!" ለማለት አትቸኩሉ። እሺ፣ ተመለስኩ።

ታሪኩ በፍጥነት፤ ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። የቶኩጋዋ ዘመን፣ ከ1603 እስከ 1868። ሳሙራይ፣ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ይሄን ታውቁታላችሁ። ከሁሉም በታች "ኤታ" እና "ሂኒን" የሚባሉ ነበሩ። ኤታ "ብዙ ርኩሰት"፣ ሂኒን "ሰው ያልሆነ" ማለት ነው። ሞትና ደም ያረክሳል ስለሚባል፣ አራጁም፣ ቆዳ አልፊውም፣ ሬሳ አንሺውም ለልጅ የሚተላለፍ እድፍ ተለጠፈበት። በ1871 መንግሥት ስሞቹን ሰርዞ "እኩል ናችሁ" አለ። አንዳንድ ቦታ ገበሬዎች ይሄን ተቃውመው አመፁ። የእነዚህ ሰዎች ዘሮች ናቸው ዛሬ ቡራኩሚን የሚባሉት፤ ስሙ በቁሙ "የመንደር ሰው" ነው። አለቀ፣ ቀጥሉ።

አይ፣ ቆዩ። ይሄን ርዕስ የጠቆምኩ ቀን ኮሜንቱ ሁሉ አንድ ነገር ነው፦ "እነሱ እኮ ዘራቸው ሌላ ነው፣ ከኮሪያ የመጡ ናቸው።" አይደሉም! ጃፓን ውስጥም ብዙ ሰው ያመነው ወሬ ነው። በ1965 የመንግሥት አማካሪ ምክር ቤት ራሱ በሪፖርቱ "የተለየ ዘር አይደሉም" ብሎ ጽፏል። መልክ አንድ፣ ቋንቋ አንድ፣ ሃይማኖት አንድ። ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ጃፓናዊውም አይለያቸውም።

"ታዲያ በምን ይለያሉ?" በወረቀት! ኮሴኪ የሚባል የቤተሰብ መዝገብ አለ። የ1872ቱ መዝገብ አንዳንድ ቦታ የድሮውን ማዕረግ ይዞ ነበር፤ ሰው እንዳያየው የተዘጋው በ1968 ነው። ልጃቸውን የሚድሩ ቤተሰቦች የግል መርማሪ ቀጥረው ዘር ያስቆጥሩ ነበር። በ1975 ደግሞ ጉድ ፈላ። የቡራኩ ሰፈሮችን ስም ከነአድራሻው የዘረዘረ መጽሐፍ በድብቅ ሲሸጥ ተገኘ። ገዢዎቹ ከ200 በላይ ኩባንያዎች! ሥራ ፈላጊው ሲመጣ አድራሻው ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከራል። ሲቪህን ማን አየው?

(ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ አድራሻችሁን አልጠይቅም፣ ቁልፏን ብቻ ንኩልኝ።)

እሺ፣ ምን ተደረገ? በ1922 ኪዮቶ ላይ ቡራኩሚኖቹ ራሳቸው ተሰብስበው ሱይሄይሻ የሚባል የእኩልነት ማኅበር መሠረቱ። ሰንደቃቸው ጥቁር መደብ ላይ ቀይ የእሾህ አክሊል ነው። መግለጫውን የጻፈው ሳይኮ ማንኪቺ ነው። ልብ በሉ፣ "እዘኑልን" አላሉም፤ ከእነዚያ ሙያዎች በመምጣታቸው እንደሚኮሩ ነው የጻፉት። ይሄን ስወደው! በ1969 ሰፈሮቹን ለማሻሻል ልዩ ሕግ ወጣ። እስከ 2002 ድረስ 15 ትሪሊዮን የን አካባቢ ፈሰሰ፤ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ኮንዶሚኒየም መሳይ ሕንፃ ተሠራ። በእኔ አስተያየት ገንዘቡ ቤት መሥራት ችሏል፣ አማት መሥራት ግን አልቻለም። በ2016 ደግሞ መድልዎውን በስሙ የጠራ ሕግ መጣ፤ ቅጣት ግን የለበትም፣ ጥርስ የሌለው ውሻ በሉት።

ዝርዝሩስ? ኢንተርኔት ላይ ወጣ! እነዚያው ሰፈሮች፣ በነፃ፣ ለማንም። የሰፈሩ ሰዎች ከሰሱ። በ2023 የቶኪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰው ያለ መድልዎ የመኖር መብት አለው ብሎ፣ ዝርዝሩ እንዲነሳ ፈረደ።

እና አንዳንዶቻችሁ "የሰፈሮቹን ስም ዘርዝርልን፣ በካርታ አሳየን" ብላችኋል። ናኒዋን የጠራሁት የከበሮ ሠሪዎቿን ሙያ ራሷ በአደባባይ ስለምታሳይ ነው። ሌላውን አልዘረዝርም። ካርታም አላሳይም። ኮሜንት ላይ የሚጽፍ ካለም አጠፋዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ፣ ቻው!