ሃምፕ ይዞኛል

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነኝ፣ ከሌሊት ሺፍት ወጥቼ ሻዬን ይዤ ነው ይሄን ፕሮግራም የምቀዳው፣ ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ለዛ ነው።

ስለ አንድ ቃል ላወራችሁ ነው፣ ሃምፕ። ለንደን ያላችሁ መንገድ ላይ አይታችሁታል፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን ምልክት ከሥሩ ሃምፕስ ተብሎ ተጽፎበት፣ መኪና ቀስ እንዲል አስፋልቱ ላይ የሚሠሩት ጉብታ ማለት ነው፣ የግመልም የበሬም ሻኛ ሃምፕ ይባላል። እኔም የማውቀው ይሄንኑ ነበር።

የምሠራው ኬር ሆም ነው፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴትዮ አለች፣ በርመንዚ የሚባል የለንደን ሰፈር ተወልዳ እዛው ያደገች፣ አንድ ጠዋት ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝና "አይቭ ጎት ዘ ራይት ሃምፕ ዊዝ ዩ" አለችኝ። እኔ ሃምፕ ስትል ጀርባዋን የያዛት መሰለኝ፣ ራይት ስትል ደግሞ በቀኝ በኩል፣ ምክንያቱም እዛ ቤት ጀርባውን የማያመው ሰው የለም፣ እና "አይዞሽ ዛሬ ሆይስቱን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ አረፍ በይ" አልኳት፣ ሆይስት ሰው ከአልጋ የምናነሳበት ማሽን ነው። ትንሽ ዝም ብላ አየችኝ፣ ከዛ ቀስ ብላ፣ ተናድጄብሻለሁ እኮ ነው የምልሽ፣ ቅዳሜን ሳትነግሪኝ ቀየርሽው አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሮታው፣ ማለት የሥራ ተራ የሚጻፍበት ሠሌዳ፣ ላይ ሺፍት ተቀያይሬ ለሷ ሳልነግራት ቀርቻለሁ። ይቅርታ አልኳት። አንድ ሰዓት እንኳን አልሞላም ሻይ በሁለት ስኳር አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝ፣ በቃ፣ ነገሩ እዛው አለቀ።

ያቺ ራይት "በደንብ አድርጎ" ማለት ናት እንጂ ቀኝ አይደለችም። ዊዝ ደግሞ የተናደዱበትን ሰው ታመጣለች። ጎት ዘ ሃምፕ ካሉ ሰውዬው ራሱ ነው ያኮረፈው፣ ጊቭስ ሚ ዘ ሃምፕ ካሉ የሚያናድዳቸው ነገር አለ ማለት ነው፣ የቀረ ባቡር ሊሆን ይችላል ዝናብ ሊሆን ይችላል። ብቻ ዘ የምትለዋን እንዳትረሱ፣ ቃሉን እንደ ግስ ከተጠቀማችሁበት ነውር ነገር ሊሆን ይችላል፣ አሜሪካ ያላችሁ በተለይ፣ እናንተ ጋ ሰው የሚያውቀው እሱን ነው።

ደግሞ ሃምፕ ቱግ የማለት ንዴት አይደለም። ቱግ ላለ ሰው ሎስት ሂዝ ራግ ይላሉ፣ ጨርቁን ጣለ እንደማለት፣ እኛ ጨርቁን ጣለ የምንለው ላበደ ሰው ነው፣ መቼም ሩቅ አይደለም። ሼፊልድና ኖቲንግሃም የሚባሉት የእንግሊዝ ከተሞች ደግሞ ለሚያኮርፍ ሰው ማርዲ ነው የሚሉት። ሃምፕ ግን የለንደን ሰው አፍ ላይ ነው የሚያምረው፣ ቃሉም ከ1700ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። ኪፕሊንግ የሚባለው ጸሐፊ በፈረንጆቹ 1902 ባወጣው የልጆች ተረት አልሠራም ብሎ ያኮረፈ ግመል ሃምፍ ሃምፍ ሲል ጀርባው ላይ ሻኛ ይበቅልበታል፣ መጨረሻው ላይ ባለው ግጥም ደግሞ መድኃኒቱ ዶማና አካፋ ይዞ እስኪያልብ ድረስ መቆፈር ነው ይላል። እኔ ሳስበው ሥዕሉ ልክ ነው፣ ያኮረፈ ሰው እዩት፣ ትከሻው ወደ ላይ ይሰበሰብና አንገቱ ይጠፋል።

እንግዲህ በኛ ኩርፊያ ነው፣ አይደል? ቃል አላጣንም፣ ፊቱን አጠቆረ፣ ቆሽቱ አረረ፣ በሆዱ ያዘ፣ ከዛ ደግሞ ቅያሜ አለ፣ ቂም አለ። ግን አኩርፌሻለሁ ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር ማነው? ሕፃን ልጅና ፍቅረኛ። ትልቅ ሰው ከምሩ ሲያኮርፍ ጠይቁኝ ብሎ ይጠብቃል እንጂ አይናገርም፣ ያኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል የሚባለውም ለዚሁ ነው፣ ሲጠብቅ ሲጠብቅ ይመሽበታል።

እኔ ስምንት ወር ጠብቄያለሁ። እናቴ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ሆና የተነገረኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ እንዳትጨነቂ ብለን ነው አለችኝ ታላቅ እህቴ። ውጭ ያላችሁ ሁላችሁም ይቺን ዓረፍተ ነገር ታውቋታላችሁ። እኔ በዛ ሦስት ሳምንት ውስጥ የሰው እናት ሳጥብ የሰው እናት ሳበላ ነበር፣ የራሴ ተኝታ። ለእህቴ ግን ምንም አላልኳትም። ብሩን እልካለሁ፣ በዓል ሲሆን እደውላለሁ፣ እሺ፣ ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ ከሦስቱ ቃል አላልፍም። እሷም ገብቷታል፣ ግን አትጠይቅም።

የሻዩ ቀን ማታ በአውቶቡስ ወደ ቤት ስመለስ ቮይስ ላኩላት። "እታለሜ፣ አኩርፌሻለሁ። ስምንት ወር ሆነኝ። ያን ጊዜ ሳትነግሪኝ በመቅረትሽ ነው" አልኳት፣ ከዛ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማግስቱ መልሱ መጣ፣ አራት ደቂቃ። አውቄ ነበር እኮ፣ መቼ ትናገሪኝ ይሆን እያልኩ ነበር፣ ይቅር በይኝ አለች። ከዛ ስለዛ ቀን ሁሉንም ነገረችኝ፣ በስንት ሰዓት እንደገባች፣ ማን ደም እንደሰጠ፣ እማዬ በሩ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን አውልቃ "ያዥልኝ፣ ለሷ ግን ስወጣ ራሴ ነኝ የምነግራት" እንዳለቻት። እህቴ ነጠላውን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋ አምስት ሰዓት ሙሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጣለች፣ ብቻዋን።

በሉ፣ ትንሽ ልተኛ፣ ማታ ሺፍት አለኝ። ሰላም ሁኑ።