የተሰረዘው መልስ

(በጠቅላላ ዕውቀት የቡድን ውድድር ሊግ የአዲስ ወቅት መክፈቻ ምሽት በጥያቄ አዘጋጁ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የቡድን መሪዎች፣ ተወዳዳሪዎች፣ እንዲሁም «እኔ ዛሬ ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት» ብላችሁ ወንበር ስባችሁ የተቀመጣችሁ ወዳጆች፤ እንደምን አመሻችሁ?

ዘንድሮም ጥያቄ የማወጣው እኔው ነኝ። ማጉረምረሙ ይሰማኛል፤ ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ። ደንቡን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ይልቅ እናንተ የማታዩትን፣ እኔ ግን በየሳምንቱ የማየውን አንድ ነገር ላውጋችሁ።

ዙሩ ሲያልቅ የመልስ ወረቀቱ ተሰብስቦ እኔ ጋ ይመጣል። እናንተ ውጤቱን ትጠብቃላችሁ፤ እኔ ቁጭ ብዬ ወረቀቱን አነባለሁ። ወረቀት ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም። ባለፈው ወቅት «በስፋቱ ከዓለም አንደኛ የሆነው በረሃ የትኛው ነው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ከአንዱ ቡድን በመጣው ወረቀት ላይ፣ በደቃቅና በተጠጋጋ የእጅ ጽሑፍ «አንታርክቲካ» ተብሎ ተጽፏል። በላዩ ላይ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል፤ ሁለተኛው ጭረት ወረቀቱን ሊቀደው ትንሽ ነው የቀረው። ከጎኑ ሌላ እጅ በትልልቁ «ሰሃራ!» ብሎ ጽፏል፣ ከነቃለ አጋኖው።

መልሱ አንታርክቲካ ነበር። አንድን ቦታ በረሃ የሚያሰኘው ከሰማይ የሚወርደው ዝናብና በረዶ ማነስ እንጂ ሙቀትና አሸዋ አይደለም። አንታርክቲካ ወደ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ሰሃራ 9 ሚሊዮን ገደማ ነው። «ሞቃታማ» የምትል ቃል ጥያቄው ውስጥ ብትኖር ኖሮ ሰሃራ ያሸንፍ ነበር። አልነበረችም። ያ ቡድን በዚያ ምሽት በአንድ ነጥብ ተሸነፈ።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ያ ባለ ደቃቅ ጽሑፍ ግን ዝም አላለም፤ ተናግሯል፣ ጽፏልም። የቀረበት ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ድምፅ ስለጎላ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሰረዙ መልሶችን ማየት ልማድ ሆነብኝ። ቡድኖች ባለማወቃቸው ነጥብ ይጥላሉ፣ ይህ ያለና የሚኖር ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን አውቀው የሰረዙት ነው።

የጎላው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው ሁሉም ሰው «የሚያውቀውን» መልስ ነው። ሰው መቶ ጊዜ የሰማውን ነገር መርምሮ ያወቀው ይመስለዋል። የተራራ ጥያቄ ውሰዱ። ገና «የዓለም...» ስል እስክሪብቶ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ኤቨረስት ተጽፎ አልቋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከፍተኛው ተራራ ብዬ ከጠየቅሁ ልክ ናችሁ፣ 8,849 ሜትር ነው። ከግርጌው እስከ ጫፉ ብዬ ከጠየቅሁ ግን ሐዋይ ላይ ያለው ማውና ኬአ ይበልጠዋል፤ ከውኃው በላይ የሚታየው 4,200 ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም ከውቅያኖሱ ወለል ሲለካ ከ10,000 ሜትር ያልፋል። ከመሬት እምብርት በጣም የራቀው ጫፍ የቱ ነው ካልኩ ደግሞ መልሱ የኢኳዶሩ ቺምቦራዞ ይሆናል። ቁመቱ 6,263 ሜትር ነው፤ ለኤቨረስት ታናሽ ወንድም መሆኑ ነው። ነገር ግን መሬት ወገቧ ላይ ስለምታብጥ፣ ቺምቦራዞም የምድር ወገብ አጠገብ ስለቆመ፣ ጫፉ ከኤቨረስት ጫፍ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይርቃል። ተራራዎቹ ያው ናቸው፤ አንድ ቃል ስትቀየር ግን አንደኛው ይቀየራል። እባካችሁ ጥያቄውን አስጨርሱኝ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ያለዚያ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። እኔም መልስ ሰርዤ አውቃለሁ፤ ያውም በቀይ እስክሪብቶ። «ብዙ ጨረቃ ያላት ፕላኔት ማን ናት?» ብዬ ጠየቅሁ። የእኔ ቁልፍ ጁፒተር ይላል። አንድ ቡድን ሳተርን ብሎ ጻፈ፣ እኔም ዜሮ ሰጠሁ። ጥያቄውን ያዘጋጀሁት እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ፣ የጁፒተር የታወቁ ጨረቃዎች 92 ደርሰው ሳተርንን በቀደሙበት ሰሞን ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የሳተርን ቁጥር 145 ሆነ፤ በ2025 ደግሞ 274 ደረሰ። እኔ ያረጀ ቁልፍ ይዤ ነው የቀረብኩት። ነጥቡን በሳምንቱ መለስኩላቸው፤ የቡድኑ መሪ ግን አሁንም በስላቅ ፈገግ ብላ ነው ሰላም የምትለኝ።

ዋና ከተማም እንደዚሁ ነው። የካዛኽስታን ዋና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 ከአልማቲ ወደ አክሞላ ተዛወረች። አክሞላ በ1998 አስታና ተባለች፣ በ2019 ኑር ሱልጣን፣ በ2022 ተመልሳ አስታና። ከተማዋ ከቦታዋ ንቅንቅ ሳትል በ24 ዓመት ውስጥ ስሟ ሦስት ጊዜ ተለወጠ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሳወጣ ከእንግዲህ ዓመተ ምሕረቱን እጨምርበታለሁ፤ ብረሳ አስታውሱኝ።

ጥያቄ አውጪ ሌላው የጻፈውን ሳያጣራ ሲገለብጥ ምን እንደሚገጥመው የሚያሳይ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ፍሬድ ዎርዝ የሚባል አሜሪካዊ የጠቅላላ ዕውቀት መድበል ሲያዘጋጅ፣ የሚገለብጡትን ለማጥመድ አንድ የውሸት መረጃ ሰነቀረበት፦ በቴሌቪዥን የሚታወቀው መርማሪ ኮሎምቦ የመጀመሪያ ስሙ ፊሊፕ ነው ሲል ጻፈ። ከጊዜ በኋላ ትሪቪያል ፐርሱት የተባለው የጥያቄ ጨዋታ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ፣ አንዱ ካርድ ላይ «ፊሊፕ» ተገኘ። ዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1984 የ300 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። የጨዋታው ባለቤቶች መድበሉን ከምንጮቻቸው አንዱ አድርገው እንደተጠቀሙበት አልካዱም። ቢሆንም ዎርዝ ተረታ፤ መረጃ የማንም የግል ንብረት አይደለም ተባለ። ወጥመዱ ይዟል፣ አጥማጁ ግን ባዶ እጁን ተመለሰ። እኔን የሚያስቀኝ ሌላ ነው፤ ስንቱ ቡድን በዚያ ካርድ ምክንያት «ፊሊፕ» ብሎ ነጥብ አግኝቶ ይሆን?

ስለዚህ ተከራከሩኝ። አቤቱታ ማቅረብ ነውር አይደለም። የጊነስ የክብረ ወሰን መጽሐፍ ራሱ የተወለደው ከክርክር ነው። የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ኃላፊ የነበሩት ሂው ቢቨር እ.ኤ.አ. በ1951 አየርላንድ ውስጥ አደን ወጥተው፣ ከሚታደኑ ወፎች ፈጣኑ የቱ ነው በሚል ከጓደኞቻቸው ጋር ተሟገቱ፤ ሙግቱን የሚፈታ መጽሐፍ ግን አጡ። በየመጠጥ ቤቱ ይህን የመሰለ ስንት ክርክር አለ ብለው አሰቡና መጽሐፉን አስጀመሩ፤ በ1955 ታተመ። እናንተም ስትሟገቱ ድምፃችሁን ብቻ ሳይሆን ምክንያታችሁንም አምጡ።

ስለ ስልክ አጭር ነው፤ ኪስ ውስጥ። ስለ ሳልም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አንድ ሻለቃ የሚሊዮን ፓውንዱን ጥያቄ መለሰ፤ ትክክለኛው ምርጫ ሲነሳ ተራቸውን ከሚጠብቁት ተወዳዳሪዎች መካከል የሚስል ሰው ነበረው። ገንዘቡ አልተከፈለውም፣ በ2003 ጥፋተኛ ተባለ። ጉንፋን የያዛችሁ እባካችሁ ከራሳችሁ ቡድን ራቅ ብላችሁ ሳሉ።

አሁን ዘንድሮ ወደምናደርገው ለውጥ። ወረቀቶቹን ሳይ የተረዳሁት ነገር፣ በሙግት የሚረታው ብዙ ጊዜ እስክሪብቶ የያዘው ሰው መሆኑን ነው። ስለዚህ እስክሪብቶው በየዙሩ ሰው ይቀይራል። የቡድን መሪዎች ፊት ሲቀያየር ይታየኛል፤ ቢሆንም ተወስኗል።

ሁለተኛው ለውጥ ቁጥር የሚጠይቁ ጥያቄዎችን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1906 ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ አንድ የከብት ትርዒት ላይ ተገኘ። ሕዝቡ የአንድ በሬ ክብደት ታርዶ ሲመዘን ስንት ይሆናል በሚል ይወራረዳል፤ ሁሉም ግምቱን በየካርዱ ጽፎ ያስገባል። ጋልተን ካርዶቹን ተቀብሎ የሚነበቡትን 787 ሠራቸው። አማካዩ 1,197 ፓውንድ ሆነ። በሬው የመዘነው 1,198 ነበር። ከገማቾቹ ውስጥ ሥጋ ሻጭም ነበር፣ ስለ ከብት ምንም የማያውቅም ነበር። ነገሩ የሠራው ግን እያንዳንዱ የየራሱን ስለጻፈ ነው። አንድ ጉልበተኛ ድምፅ ቀድሞ «ሁለት ሺህ!» ቢል ኖሮ ካርዶቹ ሁሉ ወደዚያው ይጎተቱ ነበር። ስለዚህ ቁጥር ስጠይቅ አንድ ደቂቃ ጸጥታ አለ። ሁላችሁም በቁራጭ ወረቀት የየራሳችሁን ጻፉ፣ ከዚያ ተነጋገሩ።

ቁራጭ ወረቀቶቹ ጠረጴዛችሁ ላይ ናቸው። እስክሪብቶውን ደግሞ ባለፈው ወቅት አንድም ጊዜ ላልያዘው ሰው ስጡት። አዎ፣ ለእሱ። ጥያቄ አንድ፣ እስክጨርስ ድረስ አትጻፉ፦ እንግሊዝና ፈረንሳይ የተዋጉት፣ «የመቶ ዓመት ጦርነት» እየተባለ የሚጠራው ጦርነት፣ ከጀመረበት እስካበቃበት ስንት ዓመት ነው?

አንድ ደቂቃ። ጸጥታ።